«መጽሐፍ የንስሐ አባት አይሆንም» ለተባለው

ጽጌ፦
ትናንት እዚሁ «እናቴ ካረፈች ወዲህ የቬትናማዊው መነኩሴ የቲች ናት ሃን መጻሕፍት መንገድ አሳዩኝ» ብዬ ጻፍኩ። ዲያቆኑ «የሞተ የቡድሃ መነኩሴ ማንንም አይመራም፤ መጽሐፍ የንስሐ አባት አይሆንም» አለኝ። ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። የሆነውን ልንገራችሁ። የአርባዋ ዕለት እንግዳው ከሄደ በኋላ ማጠቢያው ላይ ብርጭቆ ተቆልሎ ቀረ። ግማሹ የጎረቤት ነው። እንዳይቀላቀል ሥሩ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። በፊት ቢሆን ቶሎ ጨርሼ ተሸፋፍኜ ለመተኛት ነበር የምቸኩለው። ቲች ናት ሃን ግን ሳህን ስታጥብ ሳህኑን ለማጠብ እጠብ ይላል፤ ጨርሰህ ሻይህን ለመጠጣት ብለህ አይደለም። አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ቀይዋን ምልክት እያየሁ የማን እንደሆነ ለየሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ምን እየሠራ እንደሆነ አወቅኩ። ይሄ መመራት ካልሆነ ምን ይባላል?

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሐዘንሽን አልነካሁም፤ ያልኩትን ግን አላነሳም። የንስሐ አባት «ጾምሽ እንዴት ነው? ከወንድምሽ ታረቅሽ?» ይሉሻል። ስትዋሺ ፊትሽን ያያሉ። መጽሐፍ ግን ያልጣመሽን ገጽ ብታልፊው ዝም ይልሻል። ደግሞ ሰውዬው በጸሎት ቦታው የቡድሃንና የጌታን ሥዕል አብሮ እንዳስቀመጠ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1995 በታተመው መጽሐፉ ራሱ ጽፏል። እሱን ገጽ እንዴት አለፍሽው?

አንባቢው፦
ዲያቆን፣ ይሄ ክርክርህ በዚህ ሰው ላይ አይሠራም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1966 ስለ ሰላም ሊናገር ከቬትናም ወጣ። ሰሜኑም ደቡቡም አትመለስ አሉት። አገሩን ዳግም የረገጠው በ2005 ነው፤ 39 ዓመት! ያ የሳህኑ ነገር ያለበት መጽሐፍ በ1974 አገር ቤት ለቀረ አንድ ወንድም የጻፈው ረጅም ደብዳቤ ነበር። በቦምብ የፈረሱ መንደሮችን መልሰው ለሚሠሩት ወጣቶች ማበረታቻ እንዲሆን። መግባት የተከለከለ መምህር ከደብዳቤ ሌላ ምን አለው?

ዲያቆኑ፦
ደብዳቤ ካልክ ጥሩ። ደብዳቤ ተቀባይ አለው። ያ ወንድም መምህሩን በዓይኑ ያውቀዋል። ጽጌ የምታነበው የሰው ደብዳቤ ነው።

ጽጌ፦
ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውስ? በቅዳሴ ላይ ሲነበብ ቆመን የምንሰማው የማን ደብዳቤ ሆኖ ነው?

ዲያቆኑ፦
እሱን ቤተ ክርስቲያን ተቀብላ፣ ተርጉማ ነው የሰጠችሽ። ብቻሽን አልጋ ላይ ሆነሽ አላገኘሽውም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ አትካረሩ። የእኛው መጽሐፈ መነኮሳት ውስጥ ያለው ማር ይስሐቅ የ7ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው፤ ዛሬም መነኮሳቱን ይመራል። ዲያቆን እውነት አለው፤ እሱም የሚነበበው መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ግን ቲች ናት ሃንም ፈረንጆቹን ሃይማኖታችሁን ጥላችሁ ኑ አላላቸውም። ወደ ሥር መሠረታችሁ ተመለሱ ነው ያላቸው።

ማኪ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነው፤ እኔን ግን ያናደደኝ ሌላ ነው። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሳህን አጥበዋል። ማንም ጸሎት ነው አላላቸውም። ወንድ መነኩሴ ሲያጥብ ጥበብ ሆነ?

አንባቢው፦
ማኪ፣ አልፈረድሽበትም? ጀማሪ ሳለ ከመቶ በላይ ለሚሆኑ መነኮሳት ያለ ሳሙና፣ በአመድና በሩዝ ገለባ ያጥብ እንደነበር እዚያው ጽፏል።

ማኪ፦
አያቴም በአመድ ነው ያጠበችው። የእሷን ማን ጻፈላት?

ጽጌ፦
እኔኮ ያን ቀን ያስታወሰኝ እናቴን ነው። ብርጭቆ ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። እሱን ባላነብ ያ ትዝ አይለኝም ነበር።

ባሕር ተሻጋሪ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ በሊቢያ በኩል ነው የወጣሁት። አንድ ጓደኛዬ የዚህን መነኩሴ ግጥም ላከልኝ። በጀልባ ከቬትናም ስትሰደድ የባሕር ወንበዴ የደፈራት፣ ከዚያ ራሷን ባሕር ውስጥ የወረወረች የ12 ዓመት ልጅ አለች። እሱ «ልጅቷ እኔ ነኝ፤ ወንበዴውም እኔ ነኝ» ይላል። እዚያ ላይ ዘጋሁት። እኔ ሊቢያ ውስጥ ደላሎች ስደተኛ የሚያጉሩበትን መጋዘን አይቻለሁ። ደላላው ሌሊት መብራት ይዞ ሲገባ ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ያ ሰውዬ እኔ አይደለሁም። ማንም እንዲህ በል አይበለኝ።

አንባቢው፦
ወንድሜ፣ ምን ልበልህ። እሱ ግን በምቾት ተቀምጦ አይደለም የጻፈው። ስደተኞቹን ከባሕር ለማዳን መርከብ ተከራይቶ ሲሯሯጥ የነበረ ሰው ነው። ወንበዴው ባደገበት መንደር ብወለድ እኔም እንደዚያ ልሆን እችላለሁ ማለቱ ነው።

ባሕር ተሻጋሪ፦
ገብቶኛል። እሺ አልልም። በዚያ መንደር ተወልደው ወንበዴ ያልሆኑም አሉ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የግጥሙ ርእስ በእውነተኛ ስሞቼ ጥሩኝ ነው የሚለው። የልጅቷ ስም ግን የለበትም።

ጽጌ፦
ልክ ነህ። እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ።

ዲያቆኑ፦
ይኸው፣ የምትጠይቂው ሰው የለም ያልኩሽ ይህንን ነው።

ጽጌ፦
አንተስ የንስሐ አባትህን ብትጠይቅ፣ ስሟን ይነግሩሃል?