በውጭ የማዕድን ኩባንያ ላይ አቤቱታችንን የት እናቅርብ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና የምታውቁ እርዱኝ። በአንድ የውጭ ማዕድን ኩባንያ ላይ አቤቱታ የምናዘጋጅ ጥቂት ሰዎች ነን። ያለ ካሳ ከመሬታቸው የተነሱ፣ ለምን ብለው ስለጠየቁም በጥበቃዎች የተደበደቡ አሉ። የቸገረን መንገዱ ነው።

ኩባንያው የተመዘገበበት አገር የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) አባል ስለሆነ፣ በኩባንያዎች ላይ አቤቱታ ለሚቀበለው እዚያ ላለው ብሔራዊ የግንኙነት ቢሮ ማመልከት ይቻላል። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ግን ቢሮው ያሸማግላል እንጂ አያስገድድም። ኩባንያው አልደራደርም ካለስ?

ሌላው ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዛምቢያ መንደርተኞች በማዕድን ኩባንያው ቬዳንታ ላይ ያቀረቡት ክስ እዚያው ብሪታንያ እንዲታይ ፈቅዷል። በ2020 የካናዳውም ኤርትራውያን ሠራተኞች በማዕድን ኩባንያው ኔቭሰን ላይ የመሠረቱት ክስ እንዲቀጥል ወስኗል። በሩ አለ ማለት ነው፤ ወጪውን ማን ይችለዋል እንጂ።

ደግሞ የማስረጃው ነገር አለ። ፎቶዎቹ የደረሱን በቴሌግራም ነው። እንዲህ ተጨምቆ ሲላክ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ከፋይሉ ላይ ይጠፋል። ዋናው ቅጂ የነበረው ስልክ ደግሞ ከባለቤቱ ተቀምቷል። ስልኩን የተቀማው ልጅ የሐኪም ወረቀት አለው። ያ ብቻውን ይበቃል ወይ?

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ የምስክሮቹ ደህንነት ነው። ስማቸው ለኩባንያው ሳይገለጥ ማመልከት ይቻላል? ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን ማስኬድስ? አንዱ ሌላውን ያበላሻል የሚሉ አሉ፣ እኔን ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። «አይዟችሁ» የሚለን አላጣንም። አሁን የምንፈልገው አሠራሩን አልፎበት የሚያውቅ ሰው ነው።