ድምፄ ከክራሩ ኋላ እየቀረ ተቸገርኩ፤ ሶፍትዌር ልቀይር?

ሰላም፣ ቤታችሁ ሙዚቃ የምትቀዱ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። መጀመሪያ ክራር እቀዳለሁ፤ ከዚያ በሌላ ትራክ ድምፄን እጨምራለሁ። ስዘፍን በሄድፎን ሁሉም ደህና ነው። መልሼ ሳዳምጥ ግን ድምፄ ከክራሩ ኋላ ቀርቷል። ችክችካ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ጭብጨባው ትንሽ ዝንፍ ካለ ዘፈኑ በሙሉ ይበላሻል። ትራኩን በማውስ ወደ ግራ እየጎተትኩ አስተካክላለሁ። በእያንዳንዱ ቅጂ ይህን መድገም ግን አሰልቺ ነው።

ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። ማይኩ የሚገባው በዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። በፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተናገዱ በፊት በአንዴ የሚያጠራቅመው መጠን) 1024 ሳምፕል ላይ ነው፤ በ48000 ኸርዝ ሲሰላ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ወደ 128 ሳወርደው ድምፁ ይቆራረጣል።

አሁን የምጠቀመው ነፃ ፕሮግራም ነው። ሪፐር ወደሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ልዙር እያልኩ ነው። 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፤ ለግል ተጠቃሚ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በዶላር መክፈል ቀላል ስላልሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ።

ችግሩ ከፕሮግራሙ ነው ወይስ ከድራይቨሩ? የኢንተርፌሱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር (መዘግየትን የሚቀንስ የድምፅ ድራይቨር) ልጫን ወይስ ለማንኛውም ካርድ የሚሠራው ነፃው አሲዮፎርኦል ይሻላል? መዘግየቱን ለክቶ አንዴ አስተካክሎ መተው የሚቻል ከሆነ፣ አደራረጉን ደረጃ በደረጃ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።