ደሴ ላይ ቤት ልንገዛ ነው፤ ውሉ ግን ግራ አጋብቶኛል

ሰላም ወገኖች። ገራዶ አካባቢ የወደድነው ቤት አለ። ካርታው በባልየው ስም ነው፤ ሚስቱ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ ቀብዱን ዛሬ ስጡ፣ የእሷ ፊርማ በኋላ ይደርሳል» እያለ ያጣድፈናል። ኮሚሽን የሚቀበለው ከሁለታችንም ስለሆነ ለማን እንደቆመ አላውቅም።

ያመጣው ውል አንድ ገጽ ነው። የካርታ ቁጥር የለውም፣ የቦታው ስፋት አልተጻፈም። «ቤቱን ተረክቤያለሁ» የሚል መስመር ግን አለው! እኛ ገና ቁልፉን እንኳ አልያዝንም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ መደረግ አለበት። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። እኔን የጨነቀኝ ሚስትየው «አልፈርምም» ብትልስ ነው። እጥፉን መጠየቅ እንችላለን ወይስ የቀብድ ወረቀቱም አብሮ ይፈርሳል? ቤቱ በባንክ ዕዳ አለመያዙንስ ማን ነው የሚያጣራው፣ ገዢ ወይስ ሻጭ?

ብሩ እናቴ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው ነው። ወሎ ውስጥ በቅርቡ ቤት የገዛችሁ፣ የሕግ ባለሙያዎችም፣ እባካችሁ ቀብድ ከመስጠታችን በፊት ምን ላስጽፍ?