የሚዛን ሲሪያል በኤችሲ-05 ብሉቱዝ፦ ገሚሱ ቁጥር ልክ፣ ገሚሱ ምልክት ሆኖ ይመጣል

ባለሚዛኗ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የቡና መጋዘን ውስጥ ያለ የወለል ሚዛን ነው፤ ከማሳያው ጀርባ ባለ 9 ፒን የአርኤስ-232 (ሲሪያል) መሰኪያ አለው። ኮምፒውተሩ 7 ሜትር ያህል ይርቃል። መሃል ላይ የጆንያ ጋሪ ስለሚመላለስ ገመድ መዘርጋት አልተቻለም። ስለዚህ ኤችሲ-05 የብሉቱዝ ሞጁልን ከማክስ3232 የቮልቴጅ መለወጫ ጋር ገጥሜያለሁ።

ዊንዶውስ 10 ላይ በ1234 ፔር ሆኗል። ፑቲ የተባለውን የተርሚናል ፕሮግራም በ9600 ባውድ (የመላኪያ ፍጥነት) ስከፍት ይገናኛል፣ ክብደቱም ይመጣል። ነገር ግን ሚዛኑ 61.40 ሲል ፑቲ ላይ 6±.´0 ይወጣል። 62.75 ደግሞ 6².·5 ሆኖ ይመጣል። 60.35 ሲሆን ግን ምንም ስህተት የለውም። ፑቲ ላይ ባውዱን ወደ 4800 እና ወደ 19200 ቀይሬ ሞከርኩ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሞጁሉ ተበላሽቶ ይሆን?

ቀይ ሽቦ

መጀመሪያ ሽቦውን አጣሪ። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጊና ጥቁሩን ፒን 5 ላይ፣ ቀዩን ፒን 2 ላይ፣ ቀጥሎ ፒን 3 ላይ ያዢው። ሚዛኑ ዝም ባለበት ሰዓት ከነጌቲቭ 5 እስከ ነጌቲቭ 12 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ፒን የሚልከው ነው። ወደ ዜሮ የሚጠጋው ተቀባዩ ነው። በመጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ አትመኚ፤ አንዳንዱ ሚዛን በ2 ይልካል፣ አንዳንዱ በ3።

ይህ ነጌቲቭ ቮልቴጅ በቀጥታ ኤችሲ-05 ላይ ከገባ ሞጁሉን ያቃጥለዋል፤ ባያቃጥለውም ምልክቱ የተገለበጠ ስለሆነ አይነበብም። ማክስ3232 ማስገባትሽ ትክክል ነው። እሱን በስንት ቮልት እየመገብሽው ነው? በ5 ከሆነ ወደ ሞጁሉ አርኤክስ (መቀበያ ፒን) የሚሄደው 5 ቮልት ነው፣ ሞጁሉ ደግሞ የሚፈልገው 3.3 ነው። ከመለወጫው ውጤት ወደ አርኤክስ 1 ኪሎ ኦም፣ ከአርኤክስ ወደ ግራውንድ 2 ኪሎ ኦም አድርጊ። ከዚያ የሚሻለው ግን ኤኤምኤስ1117 የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር ገዝቶ መለወጫውን በእሱ መመገብ ነው፤ ያኔ ሬዚስተሩ አያስፈልግም። የኤችሲ-05 ቪሲሲ (የኃይል መግቢያ) ግን 5 ቮልት ላይ ይቆይ፤ ሰሌዳው የራሱ ሬጉሌተር አለው።

ፒን አምስት

የቀይ ሽቦ ምክር ለሁልጊዜም ይጠቅማል፣ የዚህ ችግር መንስኤ ግን ሽቦ አይደለም። ሽቦ ሲላላ ስህተቱ ወጥ አይሆንም። ያንቺን እዪው፦ 0፣ 3፣ 5፣ 6፣ 9 ሁልጊዜ ልክ ናቸው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 (8ትም ትጨመራለች) ሁልጊዜ ምልክት ይሆናሉ። ይህ የፓሪቲ፣ ማለትም ለስህተት መፈተሻ የሚጨመር ቢት፣ ጠባይ ነው። ሚዛኑ የሚልከው 7 ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ነው። ሞጁሉ ደግሞ የሚያነበው በ8 ቢት ያለ ፓሪቲ ነው።

1 ቁጥር በ7 ቢት 0110001 ነው፤ ሦስት አንዶች አሉት። ሚዛኑ ብዛታቸውን ተጋማሽ ለማድረግ ስምንተኛ ቢት አድርጎ ሌላ 1 ይጨምራል፣ 10110001 ይሆናል። ሞጁሉ ይህን እንደ አንድ ሙሉ ባይት ስለሚቆጥረው 177 ብሎ ያስተላልፋል፤ 177 ደግሞ ± ነው። 0 ግን 0110000 ስለሆነ ሁለት አንዶች አሉት፣ የሚጨመረው ቢት 0 ነው፣ ሳይነካ ያልፋል። ነጥቧም አራት አንዶች ስላሏት ነው ልክ የምትመጣው።

መፍትሔው ሁለት ነው። በመጀመሪያ የሚዛኑን ሜኑ ክፈቺና የሲሪያል ቅንብሩ ውስጥ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ የሚል ካለ ምረጪ። ካለ ጨረስሽ። ከሌለ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ባይት ከ127 ጋር ኤንድ ያድርገው፤ ላይኛዋ ቢት ትወድቃለች፣ 177 ወደ 49 ይመለሳል፣ 49 ደግሞ 1 ቁጥር ነው።

ባውዱን ፑቲ ላይ ስትቀይሪ ለምን ምንም አልተለወጠም ላልሽው፦ የብሉቱዝ ኮም ፖርት ምናባዊ ነው። እዚያ የምትጽፊው ባውድም ሆነ ፓሪቲ ሚዛኑ ዘንድ አይደርስም። እውነተኛው ባውድ ሞጁሉ ውስጥ የተቀመጠው ነው።

ባዶ ሰሌዳ

ለምን ሞጁሉን ራሱን ኢቭን ፓሪቲ አናደርገውም? በሞጁሉ ማስተካከያ ትእዛዝ ኤቲ+ዩአርት=9600,0,2 (ባውድ፣ ስቶፕ፣ ፓሪቲ) ቢባል ያበቃል።

ፒን አምስት

አያበቃም፣ ይብሳል። ኤችሲ-05 ባለ 7 ቢት ምርጫ የለውም። ፓሪቲ ስትጨምርበት 8 ቢት ሲደመር ፓሪቲ ይሆናል፤ ከስታርትና ከስቶፕ ጋር 11 ቢት ማለት ነው። የሚዛኑ 7 ቢት ከፓሪቲው ጋር በድምሩ 10 ቢት ነው፤ ያለ ፓሪቲ ያለው 8 ቢትም 10 ነው። የዚህች የ10 እኩልነት ነው መረጃው ሳይሰበር እንዲደርስ ያደረገው። 9600,0,0 ላይ ይቆይ።

ባለሚዛኗ

ሜኑው ውስጥ ባውድ ብቻ ነው ያለው፣ ፓሪቲ የሚል የለም። ስለዚህ በፓይሰን 127ን አስገባሁ። ፑቲ ላይ መረጃው እየፈሰሰ፣ ፕሮግራሙ ግን አንድ መስመር እንኳ ሳያወጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መስመሩ ማለቁን እንዲያውቅ ያደረግኩት በካሬጅ ሪተርን ነው።

ፒን አምስት

ካሬጅ ሪተርን 13 ነው፣ 0001101፤ ሦስት አንዶች። ስለዚህ የሚደርስሽ 141 ሆኖ ነው። ፕሮግራሙ የመስመሩን ማብቂያ የሚፈልገው 127 ከመግባቱ በፊት ነው፤ 13ን እየጠበቀ ስለሆነ እስከ ነገም አያገኛትም። ሌላው የመስመር ማብቂያ፣ ላይንፊድ 10፣ ግን ሁለት አንዶች ስላሉት ሳይለወጥ ይመጣል። ሚዛኑ ሁለቱንም የሚልክ ከሆነ መጨረሻውን በ10 አድርጊ፤ 13 ብቻ ከሆነ 141ን ጠብቂ። እንዲሁም 127ን የምታስገቢው ባይቶቹን ወደ ጽሑፍ ከመለወጥሽ በፊት ይሁን፤ በአስኪ መጀመሪያ ከለወጥሽው ከ127 በላይ ያለውን ሲያይ ስህተት ብሎ ይቆማል።

ወደ ሚዛኑ ትእዛዝ የምትልኪ ከሆነም ፓሪቲውን ራስሽ ጨምሪ። የላቲኗ ቲ 84 ናት፣ ሦስት አንዶች፣ 212 አድርገሽ ላኪያት። ፒ 80 ናት፣ ሁለት አንዶች፣ እንዳለች ትሂድ።

ባለሚዛኗ

141 አድርጌው ሠራ፤ 61.40 ራሱን ሆኖ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ። የቀረኝ ይኸ ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞጁሉ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይገናኝም። ፕሮግራሙን ዘግቼ እስክከፍት ድረስ እንደዚያው ነው።

ቀይ ሽቦ

ፈጣን ብልጭታ ተገናኚ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። ሲገናኝ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ወደ 2 ሰከንድ ያርፋል። ዊንዶውስ የሚደውለው ፖርቱ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ መረጃ ለ5 ሰከንድ ካጣ ፖርቱን ዘግቶ እንዲከፍት አድርጊው። የሚከፈተው ደግሞ ወጪ የሚለው ኮም ፖርት መሆኑን አረጋግጪ፤ ዊንዶውስ ሁለት ይፈጥራል፣ ገቢው ለዚህ አይሆንም።

መብራት በየቀኑ የሚሄድበት ቦታ ላይ እኔ የምመርጠው ግን ሁለተኛ ኤችሲ-05 ከሲኤች340 የዩኤስቢ መለወጫ ጋር ኮምፒውተሩ ላይ ማስገባት ነው። ሁለቱ ሞጁሎች እርስ በእርሳቸው ይፈላለጋሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው ተራ ሲሪያል ብቻ ነው።

ሁለቱንም በየተራ ከሲኤች340 ጋር አገናኚ፣ ቲኤክስ (መላኪያው) ከአርኤክስ ተሻግሮ፤ የመለወጫው ምልክት 5 ቮልት ከሆነ ያው የ1 እና የ2 ኪሎ ኦሙ ነገር እዚህም ይገባል። የሞጁሉን ትንሿን ቁልፍ ተጭነሽ ይዘሽ ኃይል ስጪ። ብልጭታው ቀስ ብሎ፣ 2 ሰከንድ በርቶ 2 ሰከንድ ከጠፋ ትእዛዝ መቀበያው ላይ ገብተሻል። ተርሚናሉ 38400 ይሁን፣ መስመር ማብቂያው ካሬጅ ሪተርንም ላይንፊድም። ትእዛዞቹን እዚህ በእኛ ፊደል ብጽፋቸውም የምትጽፊያቸው በላቲን ትልልቅ ፊደላት ነው።

ሚዛኑ ጋ ያለው ላይ፦ ኤቲ+ሮል=0፣ ኤቲ+ዩአርት=9600,0,0፣ ከዚያ ኤቲ+አድር? ብለሽ አድራሻውን ጻፊ።
ኮምፒውተሩ ጋ ያለው ላይ፦ ኤቲ+ሮል=1፣ ኤቲ+ሲሞድ=0፣ ኤቲ+ዩአርት=9600,0,0፣ ኤቲ+ባይንድ= እና አድራሻው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው፦ አድራሻው 21:13:5377 ሆኖ ቢመጣ ባይንድ ላይ የሚገባው በኮማ ነው፣ 21,13,5377። የይለፍ ቁጥሩም ሁለቱ ላይ አንድ ይሁን፤ አንዳንዱ ፈርምዌር ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ ካልሆነ አይቀበልም። ኃይሉን አጥፍተሽ ቁልፉን ሳትነኪ ስታበሪያቸው ራሳቸው ይገናኛሉ። 7 ቢቱ ግን አልተቀየረም፣ 127ን ከፕሮግራሙ አታውጪ።

ባዶ ሰሌዳ

እግረ መንገዴን፦ ይህንኑ በአይፎን ማንበብ ይቻላል?

ፒን አምስት

በኤችሲ-05 አይቻልም። አይፎን ይህን የብሉቱዝ ሲሪያል ለተራ ሞጁል አይከፍትም። እንደ ኤችኤም-10 ያለ ዝቅተኛ ኃይል ብሉቱዝ ያስፈልጋል፣ አፑም ለእሱ የተጻፈ መሆን አለበት። አንድሮይድ ላይ ግን ኤችሲ-05 ይሠራል።

ቀይ ሽቦ

ባለሚዛኗ፣ ሞጁሉን ማሳያው የብረት ሣጥን ውስጥ አትዝጊበት፤ 10 ሜትር የሚባለው ርቀት ወደ 2 ሜትር ሊወርድ ይችላል። የተጠማዘዘው የመዳብ አንቴና ያለበት ጫፍ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ወይም ሞጁሉን በትንሽ ፕላስቲክ ሣጥን አድርገሽ ከላይ ለጥፊው፤ የቡናው አቧራም አይገባበትም።