ወላጆቼ ተፋቱ፤ ሰባት ወር የጸለይኩት ጸሎት የት ገባ?

ሁለት ቦርሳ፦

ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዕድሜዬ 16 ነው። አባቴና እናቴ ከተፋቱ አራት ወር ሆናቸው። ሁለቱም አማኞች ናቸው፤ ጸሎት ያስተማረኝ አባቴ፣ መዝሙር ያስተማረችኝ እናቴ ናት። አሁን እሑድ እሑድ አባቴ የመጀመሪያውን የአምልኮ ፕሮግራም ይካፈላል፣ እናቴ ሁለተኛውን። እኔና ታናሽ ወንድሜ በመካከል ባለው ግማሽ ሰዓት ቦርሳችንን ይዘን በሩ ላይ እንቆማለን፤ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው እንደሚሰጥ ዕቃ።

ከመለያየታቸው በፊት ሰባት ወር ጸልያለሁ። ድምፃቸው ከግድግዳው ወዲያ እየተሰማኝ፣ ወንድሜ እንዳይነቃ ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ። በሳምንት አንድ ቀን እጾም ነበር። ማርቆስ 11፥24 ላይ «እንዳገኛችሁት እመኑ» ስለሚል አመንኩ። ከማመኔ የተነሳ ለወንድሜ «አባባ አይሄድም» ብዬ ቃል ገባሁለት። በሳምንቱ አባቴ ሄደ። ወንድሜ 9 ዓመቱ ነው። አሁን ስለ እግዚአብሔር ስነግረው ዓይን ዓይኔን እያየ ዝም ይላል።

ሌላም ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። የመጨረሻው ጠብ የተነሳው በእኔ ነው። የወጣቶች ኅብረት ለአንድ ሳምንት ጉዞ ሊወስደን ነበርና የወላጅ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። አባቴ ቀድሞ ስለገባ እርሱን አስፈረምኩት። እናቴ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ስታገኘው «እኔ በዚህ ቤት ማን ነኝ?» አለች፤ ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ተባለ። ጉዞውን አልሄድኩም። ወረቀቱ ግን እስካሁን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ።

ደግሞ መልእክተኛ ሆኛለሁ። እናቴ «ለአባትሽ ንገሪው» ትላለች፣ አባቴ «እናትሽን ጠይቂያት» ይላል። ቁጣውን አውጥቼ ቃሉን ብቻ አደርሳለሁ። «ያ ኃላፊነት የማይሰማው ሰው የልጁን ጫማ ይግዛ» የሚለው እኔ ጋር ሲደርስ «አባባ፣ እማማ ስለ ጫማው አስታውሺው ብላኛለች» ይሆናል። አስተርጓሚነቱ ደክሞኛል።

አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት አባቴ በሄደ በስድስተኛው ቀን አቅፋኝ «ይቅር በያቸው፣ መራራነት እንዳይበቅልብሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ግን ገና ምን ይቅር እንደምል እንኳን አላወቅሁም ነበር። እምነቴ አንሶ ነው ወይስ እግዚአብሔር አልሰማኝም? ከእነዚህ ውጪ ሌላ መልስ ካለ ንገሩኝ።

ወንድም በክርስቶስ፦

በርቺ እኅቴ። ቃሉ በሚልክያስ 2፥16 «መፋታትን እጠላለሁ» ይላል። ስለዚህ ጸሎትሽ እንደ ፈቃዱ ነው፤ አታቋርጪ። እምነትሽ ከጸና ይታረቃሉ።

በ14 ዓመቴ፦

ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍከው አልጠራጠርም። ነገር ግን «እምነትሽ ከጸና» የሚለው ቃል እኔን ሦስት ዓመት አስሮኛል፤ ወላጆቼ የተለያዩት በ14 ዓመቴ ነበር። ደግሞም ያንን ምዕራፍ ከፍ ብለህ አንብበው። የሚወቀሰው የልጅነት ሚስቱን የካደ ባል ነው። ጾማ የጸለየችው ልጅ እዚያ ውስጥ የለችም።

እኅቴ፣ አሁን ዕድሜዬ 29 ነው። ጸሎትሽን አባትሽም እናትሽም እምቢ ሊሉት ይችላሉ፤ ይህን ማንም ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እላለሁ። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 23፥37 ኢየሩሳሌምን ልጆችሽን ልሰበስብ ስንት ጊዜ ወደድሁ፣ እናንተ ግን አልወደዳችሁም ይላታል። የእርሱን ፈቃድ እንኳን ሰዎች እምቢ ብለውታል። እምነቱ አንሶ ነበር እንላለን?

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ አባትና እናት ቢተዉ እንኳ እግዚአብሔር ይቀበላል የሚለውን መዝሙር 27፥10ን ይጠቅሳል። ጥሩ ነው። እኔን ያቆመኝ ግን ዘፍጥረት 21 ነው። አንዳንድ ሥዕሎች የአብርሃምን ልጅ እስማኤልን እናቱ አጋር የታቀፈችው ሕፃን ያደርጉታል፤ ቁጥሩን ስትደምሪው ግን እንደዚያ አይደለም። እርሱ ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር፣ ወንድሙ ይስሐቅ ሲወለድ 100። እናትና ልጅ ከቤት የተሰናበቱት ደግሞ ይስሐቅ ጡት ከተወ በኋላ ነው። ስለዚህ እስማኤል ከ14 ዓመት በላይ ነበር፤ የአንቺ እኩያ ማለት ነው። በምድረ በዳ ድምፅዋን አሰምታ ያለቀሰችው እናቱ ናት፤ እግዚአብሔር ሰማ የተባለው ግን የብላቴናውን ድምፅ ነው። ልጁ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ምናልባት እንደ አንቺ ትራስ ነክሶ ይሆናል። ወደ አባቱ ቤት አልተመለሰም፤ የውኃ ጉድጓድ ግን ተገኘ። ምዕራፍ 25 ላይ አብርሃም ሲሞት የቀበሩት ይስሐቅና እስማኤል አብረው ናቸው። በመካከል ያሉት ዓመታት እንዴት እንዳለፉ መጽሐፉ አይነግረንም፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ።

ስለ መልእክቱ፦ እኔ በአንድ ቀን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ተናገርኩ። «ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን መልእክት አላደርስም፤ እናንተው ተጻጻፉ።» አባቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። እናቴ «አንተም ከዳኸኝ» አለች። በመካከሉ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ቀን ሁለቱም ሳይመጡ ቀሩ፤ እያንዳንዳቸው ሌላው ይሄዳል ብለው ነበር። አፈርኩ፣ አለቀስኩ፣ ግን አልተመለስኩም። በሦስተኛው ሳምንት በስልክ ይጻጻፉ ጀመር፤ ደረቅ ደረቅ፣ አንድ አንድ መስመር። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ የአንዱን ቁጣ ለሌላው ተሸከም አይልም። አንቺም ቃሉን ጽፈሽ ያዢው፤ ፊታቸውን ስታዪ ሊጠፋብሽ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦

ልጄ፣ እኔ የፈታሁ እናት ነኝ፤ ስለዚህ ከማዶ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ። የእኔና የባለቤቴ የመጨረሻ ጠብ በመስኮት ነበር። ይዘጋ፣ አይዘጋ። ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ በዚያች መስኮት ወጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ ትልቋ ልጄ ዕቃ እያጠብን ሳለ ሳህኑን እንደያዘች «እማዬ፣ መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ» አለችኝ። ስድስት ዓመት! እኔ መስኮቱን ማን እንደከፈተው አስቤም አላውቅም ነበር። እናትሽ ያንን ወረቀት ረስታው ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን ከቃሉ ጋር አብረሽ ታነቢዋለሽ። አውጪና አሳያት፤ «በእኔ ምክንያት ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ምናልባት ታለቅሳለች። ታልቅስ፤ እኛ ትልልቆቹ ብናለቅስ አንሞትም።

ለወንድምሽ ደግሞ «በእጄ ያልነበረ ነገር ቃል ገባሁልህ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» በይው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይገባዋል።

የወጣቶች አስተማሪ፦

በስድስተኛው ቀን «ይቅር በያቸው» ያለችሽ የቤተ ክርስቲያናችሁ እናት ወድዳሽ ነው፤ ግን ቸኩላለች። ይቅርታ የሚጀምረው የተጎዳሽውን በስሙ ከመጥራት ነው። መዝሙር 13 «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል፤ መዝሙር 88 ደግሞ እንደ ሌሎቹ በምስጋና ሳይሆን በጨለማ ያበቃል፤ ማንም ከመጽሐፉ አላወጣውም። በጸሎትሽ እንደዚያ ብትናገሪ ድፍረት አይሆንብሽም። ለእኔ የሚያሳስበኝ ዝምታሽ ነው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ትምህርቱ ከጠፋብሽ፣ በተለይ ደግሞ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ በዚያው ቀን ለምታምኚው አዋቂ ሰው ንገሪ። የምክር ባለሙያ ጋር መሄድ እምነት ማነስ አይደለም፤ ለተሰበረ አጥንት ሐኪም ጋር እንደምንሄደው ነው። ያ ሰው ግን የአባትሽም የእናትሽም ወገን ሆኖ የማይናገር ይሁን።

ሁለት ቦርሳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ቀን የዘገየሁት አንዳንዱን ሞክሬ ልመለስ ብዬ ነው።

መልእክት አላደርስም ማለቱን ገና አልቻልኩም። ጽፌዋለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ለእናቴ ግን ወረቀቱን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። በእውነት አላስታወሰችውም! ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች። እርስዎ እንዳሉት አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ወረቀቱን እርሷ ወሰደችው።

ለወንድሜም ነገርኩት። «አውቅ ነበር» አለኝ፤ ምኑን እንደሚያውቅ አልጠየቅሁትም። ማታ ዘፍጥረት 21ን አነበብኩለት። እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ሰማ የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝና «ልጁ ምን ብሎ ነው የጸለየው?» አለኝ። አልተጻፈም አልኩት።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ።