አብያታ እየሸሸ በሰቃ የሚሰፋው ለምንድን ነው?

መንገደኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአብያታ ሐይቅ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ከቀድሞ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል፤ በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ግን በ1960ዎቹ ከነበረበት 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ በመድረስ ባቡር ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ሲያሰጋ ኖሯል። ሁለቱም የሚገኙት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ የዝናብ መለዋወጥ አንዱን አጉድሎ ሌላውን እንዴት ሊያሰፋ ይችላል?

የውሃ ባለሙያ፦
አብያታ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ውሃ በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ስለሆነ ገቢው ጥቂት ሲጎድል ሐይቁ ወዲያው ይሸሻል። ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ትንሽ ዝቅ ሲል ሰፊ መሬት ይገለጣል፤ ጎረቤቱ ሻላ ግን ከ250 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ዳርቻው ያን ያህል አይርቅም። ዋናው የአብያታ ገቢ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይን የሚመግቡት መቂና ካታር፣ ራሱ ዝዋይና ቡልቡላም ለመስኖ ስለሚቀዱ ለአብያታ የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው። በዚህ ላይ በሐይቁ ዳር ያለው የሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ የሚውል ጨው) ፋብሪካ ከሐይቁ ውሃ ሲወስድ ኖሯል። እንደ 2015 እ.ኤ.አ. ባለ የኤልኒኞ ዓመት ክረምቱ ሲደክም ጉዳቱ የሚበረታውም አስቀድሞ በተሟጠጠ ሐይቅ ላይ ስለሚያርፍ ይመስለኛል።

የፈንታሌ ጎረቤት፦
በበሰቃ ያለው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። በዙሪያው ያሉት የሸንኮራ አገዳና ሌሎች እርሻዎች ከአዋሽ ተጠልፎ በሚመጣ ውሃ ይለማሉ፤ ወደ መሬት የሚሰርገው ትርፍም የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ያደርገዋል። ፍል ውሃዎችም ይመግቡታል። የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የከረዩ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት መዋጡ ግን አያከራክርም፤ ይህም በሐይቁ ዙሪያ በሚደረገው ውይይት ሁሉ መቅደም የሚገባው ጉዳይ ነው።

የድንጋይ አንባቢ፦
ረጅሙን ዘመንም እንመልከት። ከ10 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ፣ በአብዛኛው፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ውሃውም ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የዚያን ጊዜ መስኖም ፋብሪካም አልነበረም። የምድር ዛቢያ አዘነባበል አቅጣጫ ቀስ በቀስ ስለሚዞር ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የበለጠ የፀሐይ ሙቀት ያገኝ ነበር፤ ይህም ዝናብ አምጪውን ነፋስ አበረታው። ስለዚህ የአየር ጠባይ ብቻውን ሐይቆችን ሊያዋህድም ሊለያይም ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ለውጥ ጎረቤታሞቹን ሐይቆች በአንድ አቅጣጫ ይነዳቸዋል። ጠያቂያችን እንዳስተዋሉት አንዱ ሲሸሽ ሌላው የሚሰፋ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው በየሐይቁ የሚገባውና የሚቀዳው ውሃ ነው፤ ለአብያታም ከሁሉ በፊት የቡልቡላ ፍሰት በየወሩ ተለክቶ ለሕዝብ ይፋ ቢደረግ ክርክሩ መሠረት ያገኛል።