ማሊያችን ላይ ጋሻና ቀይ አንበሳ ብናደርግ ስኮትላንድ ውስጥ ያስከስሳል?

የግላስጎው ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ! እዚህ ግላስጎው ያለን የሐበሻ ልጆች እሁድ እሁድ ኳስ እንጫወታለን። አሁን ወጉ ይድረሰን ብለን ማሊያ ልናሠራ ነው። አንዱ ልጅ ሎጎ ሠራልን። ጋሻ ነው፤ ጋሻው ውስጥ በቢጫ መደብ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ቀይ አንበሳ አለ፤ ከሥሩ ባንዲራችን። አንበሳ የእኛም የስኮትላንድም ስለሆነ ሁሉም ወደደው። ማሊያ የሚያትመው ሰውዬ ግን «ይሄን ሎርድ ላየን ካየው ጣጣ ነው» ብሎ አላትምም አለ። ማነው ይሄ ሰው? ለእሁድ ኳስ ማን ይከሰናል? በዚያው ደግሞ፣ ባለቤቴ ስኮትላንዳዊት ናት። የአባቷ ስም የተጻፈበት «የቤተሰብ አርማ» ከቱሪስት ሱቅ ገዝቼ ሳሎን ሰቅዬላታለሁ። እሱም ወንጀል ነው እንዳትሉኝ!

ሸዋዬ ከኤድንብራ፦
ሰውዬው እውነቱን ነው። ሎርድ ላየን የሹመት ስም ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ አርማን፣ ማለትም በጋሻ ላይ የሚሳል የባለቤትነት ምልክትን፣ የሚቆጣጠረው ሹም ነው። ከ2014 ጀምሮ ሹመቱን የያዙት ጆሴፍ ሞሮው ይባላሉ። በመስከረም 2022 ንግሥቲቱ ባረፉ ጊዜ፣ ኤድንብራ መርካት ክሮስ ላይ በወርቅ የተጠለፈ ካባ ለብሰው የቻርልስን መንገሥ ያወጁት ሰውዬ ትዝ ይሉሃል? እሳቸው ናቸው።

ግን ሥራቸው ካባ ለብሶ አዋጅ ማንበብ ብቻ አይደለም። ዳኛ ናቸው። ከዌቨርሊ ባቡር ጣቢያ ማዶ ባለው ኒው ሬጂስተር ሀውስ ችሎት አላቸው፤ የራሱ ዐቃቤ ሕግ ያለው እውነተኛ ፍርድ ቤት ነው። የሚሠሩበት ሕግ የ1592 እና የ1672 ነው። ዛሬም አልተሻረም። ስኮትላንድ ውስጥ በአርማ የሚጠቀም ሁሉ መዝገባቸው ላይ መስፈር አለበት። ያላስመዘገበ ይቀጣል። የ1672ቱ ሕግ ደግሞ አርማው ያለበት ዕቃ ለንጉሡ ገቢ ይሁን ይላል። በእናንተ ቤት ማሊያው በሙሉ ማለት ነው 😀

አቤል ለንደን፦
ኧረ ሸዋዬ፣ ልጁን አታስፈራሪው! እዚህ እንግሊዝም አርማ የሚሰጥ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ፤ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። የአርማ ክርክር የሚያየው ፍርድ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተሰየመው በ1954 ነው። ዝም ብላችሁ አሳትሙ።

ሸዋዬ ከኤድንብራ፦
አቤልዬ፣ የለንደኑን ለለንደን ተወው። እዚህኛው ችሎት እየሠራ ነው። ኤር ዩናይትድን ታውቃለህ አይደል? የኳስ ክለብ ነው። በ2015 ለዘመናት የተጠቀመበት አርማ አልተመዘገበም ተብሎ በዚያው በጥንቱ ሕግ ማስጠንቀቂያ መጣበት። ክለቡ ከመከሰስ ብሎ አርማውን ቀየረ። ዶናልድ ትራምፕም አበርዲንሺር ላለው የጎልፍ ሜዳው ያልተመዘገበ አርማ ሲጠቀም ተነግሮታል። በ2012 በደንቡ አመልክቶ ሌላ አርማ ተሰጠው። ለእሱ ያልቀረ ለእሁድ ኳስ ይቀራል ብለህ ነው? እርግጥ የሰፈር ቡድንን እየዞሩ አይፈልጉም። ግን አንድ ሰው ከጠቆመ አለቀ።

ሰሎሜ ዲዛይን፦
እኔ እስክሪንሹቱን ካየሁ በኋላ ነው የምጽፈው። ሎጎው ላይ ሁለት የተለያየ ችግር አለ።

አንደኛው ጋሻው ነው። ምልክትን ጋሻ ውስጥ ስታስገቡት በእነሱ ዓይን ሎጎ መሆኑ ቀርቶ አርማ ሆነ። ምን እንደሳላችሁበት ለውጥ የለውም። ስለዚህ ክብ አድርጉት፤ የቡድኑን ስም በጠርዙ ዙሪያ ጻፉ። ማሊያ ላይም ክብ ያምራል፣ ጥልፉም ይቀላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በቢጫ ላይ የቆመው ቀይ አንበሳ የንጉሡ ነው። «የስኮትላንድ አንበሳ» ስለሚባል የሕዝቡ ይመስላል እንጂ አይደለም። ስታዲየም ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያውለበልበው የምናየው፣ ጆርጅ 5ኛ በ1934 በእጅ ይዞ ማውለብለብን ስለፈቀዱ ነው። በዘንግ መስቀል ግን አልተፈቀደም። በ1978 አንድ የጨርቅ ነጋዴ ያንን አንበሳ የአልጋ ልብስ ላይ አትሞ ሲሸጥ፣ እስኪያቆም ድረስ በቀን 100 ፓውንድ ተቀጥቷል። በቀን ነው ያልኩት!

ስኮትላንድን ማሳየት ከፈለጋችሁ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል አለላችሁ፤ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ። እሱ የሁሉም ነው። አንበሳውን ደግሞ የእኛን አድርጉት። ሞዓ አንበሳ በአራት እግሩ እየተራመደ፣ ዘውድ ደፍቶ፣ መስቀል ያለበት በትር ይዞ ነው የሚሳለው። ከእነሱ ጋር በፍጹም አይምታታም። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ይሄኛው ነበር የሚያምርባችሁ።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጄ፣ ስለ ሳሎኑ ሥዕል የመለሰልህ የለም መሰለኝ። እኔ እዚህ አገር ከከረምኩ ቆየሁ፤ የልጄም ባል ከሃይላንድ ነው።

በስኮትላንድ ሕግ «የቤተሰብ አርማ» የሚባል ነገር የለም። አርማ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ ልክ እንደ ርስት ለወራሹ ይተላለፋል። የቀሩት ልጆች የአባታቸውን አርማ እንዳለ መውሰድ አይችሉም። ሎርድ ላየን ዘንድ ሄደው ልዩነት ያስጨምራሉ፤ ለምሳሌ በጋሻው ዙሪያ ባለቀለም ጠርዝ። ስለዚህ ቱሪስት ሱቁ የሸጠልህ ብዙውን ጊዜ የጎሳው አለቃ የግል አርማ ነው። ግድግዳ ላይ ለጌጥ መስቀሉ ምንም አይደለም። ቀለበት ላይ ወይም ደብዳቤ ላይ እንደራስህ አድርገህ ብታትመው ነው ጥፋቱ።

ባለቤትህ የጎሳዋን ምልክት ማድረግ ካማራት የተፈቀደ አለ። የአለቃው ምልክት በመታጠቂያ ቀበቶ ተከቦ፣ ቀበቶው ላይ የአለቃው መፈክር ተጽፎ ይሠራል። ያ የተከታይነት ምልክት ስለሆነ ማንም አይጠይቃትም። የልጄ ባል በሠርጉ ዕለት ቆቡ ላይ ያደረገው እሱን ነበር።

የግላስጎው ልጅ (ጠያቂ)፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሶሊ፣ ክቡ ላይ ተስማምተናል። ግን እኔ አሁን ልቤ ተንጠለጠለ። በሕጋዊ መንገድ ጋሻ ማግኘት አይቻልም? ሐበሻ ስለሆንን አይሰጡንም?

ሸዋዬ ከኤድንብራ፦
ሐበሻ መሆን አያግድም። ዋናው እዚህ ኗሪ መሆንህ ነው። ማመልከቻ ለሎርድ ላየን ታስገባለህ፤ ማንነትህን፣ አድራሻህን፣ ትምህርትና ሥራህን በማስረጃ ታሳያለህ። ሕጉ መልካም ጠባይና ብቃት ላለው ይሰጥ ስለሚል መስጠት አለመስጠቱ የእሳቸው ውሳኔ ነው። ከተፈቀደ ሥዕሉ በእጅ ተስሎ፣ በብራና ላይ ተጽፎ ይሰጥሃል። ከ1672 ጀምሮ በሚጻፈው መዝገብም ትገባለህ። የድሮዎቹን ጥራዞች ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጨርሼበታለሁ።

ዋጋው ግን ከሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ ገንዘቡም ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። ቶሎም አያልቅም። ለቡድን ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ያለው ማኅበር መሆን አለባችሁ፤ የዋትሳፕ ግሩፕ አይቆጠርም። ባለቤትህ ግን በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች፤ ሴት ብላ የሚከለክላት የለም።

የግላስጎው ልጅ (ጠያቂ)፦
በሺህ ፓውንድማ የሁለት ዓመት ሜዳ እንከራያለን! ክቡን እናሳትማለን።

ሰሎሜ ዲዛይን፦
ከማሳተማችሁ በፊት ንድፉን በኢሜይል ለሎርድ ላየን ቢሮ ልካችሁ ጠይቁ። መልሱን ለአታሚው ብታሳዩት እሱም አያንገራግርም። ፋይሉን በቬክተር አድርገህ ላክልኝ፤ የበትሩን መስቀል እኔ አስተካክልልሃለሁ፣ አሁን እንዳለው በጥልፍ አይወጣም።